ማንም የማያየው ሥራ

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የምንፈልገው ጥያቄ በመጀመሪያ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ይኸውም፦ ሰው ማንም የማያየውን ሥራ አሳምሮ መሥራት አለበትን? አለበት ከተባለስ ለማን ብሎ ነው? የሚል ነው። ስለ ሥራና ስለ ሕሊና በደፈናው መናገር አያስቸግርም፤ በደፈናው የተነገረ ቃል ግን ከጆሮ አልፎ እጅ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ጥያቄውን በአንድ የእጅ ሙያ ላይ አስቀምጠን ልንመረምረው ወደድን። የመረጥነውም ከአገራችን ርቆ የሚገኘውን፣ በስፔን የፍላሜንኮ ጊታር በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎችን ሙያ ነው። ምክንያታችንም ጊታር ውስጡ ተዘግቶ የሚቀር ዕቃ መሆኑ ነው። ሠሪው ከደከመበት ነገር አብዛኛውን በገዛ እጁ ከድኖ ይሰውረዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳስባለን።

በደቡብ ስፔን በአንዳሉሲያ አውራጃ ግራናዳ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ከከተማይቱ መካከል ተነሥቶ አልሐምብራ ወደሚባለው የታወቀ ቤተ መንግሥት የሚወጣ፣ ኩዌስታ ደ ጎሜሬዝ የተባለ ጠባብ ዳገት መንገድ አለ። በዚህ መንገድ ዳርና በዙሪያው ባሉት ሰፈሮች ጊታር ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል። የሥራ ቤታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ክፍል ወይም ከሁለት አይበልጥም። በግድግዳው ላይ መጋዝ፣ መሮና መላጊያ ተሰቅለዋል፤ ከጣራው ሥር ለዓመታት እንዲደርቁ የተቀመጡ ሳንቃዎች ተደርድረዋል፤ ወለሉ ሰጋቱራ ለብሷል። ሠሪው ብቻውን ወይም ከአንድ ልጁ፣ ከአንድ ተለማማጅ ጋር ይሠራል። ብቻውን የሚሠራ ሰው በወር ከአንድ ወይም ከሁለት ጊታር በላይ ማውጣት ያዳግተዋል።

የፍላሜንኮ ጊታር ስድስት አውታር ያለው ሲሆን፣ ለዘፋኙ ድምፅና ለጨፋሪው የእግር ምት አጃቢ ሆኖ ያደገ መሣሪያ ነው። የፊት ገበታው የሚወጣው በአውሮፓ ተራሮች ብርድ ውስጥ ቀስ ብሎ ከሚያድገው ስፕሩስ ከሚባል ዛፍ ነው፤ ውፍረቱም ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም። ጎኑና ጀርባው ግን በጥንቱ ልማድ ከሳይፕረስ ይሠራል። ይህ ዛፍ እኛ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየአጥሩ ዳር ከምናውቀው የፈረንጅ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው። እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ቀላልና መልካም መዓዛ ያለው ነው። በዚህም የተነሣ ጊታሩ በስፔን ቋንቋ «ብላንካ»፣ ማለትም «ነጭ» ይባላል። ከብራዚል በመርከብ ይመጣ የነበረው ሮዝዉድ የተባለው ጥቁር ቡናማ እንጨት ዋጋው ውድ ነበር፤ ሳይፕረስ ግን በዚያው በአገሩ የሚበቅል ርካሽ እንጨት ነበር። ድኻው ሙዚቀኛ አቅሙ የፈቀደለትን ያዘ፤ ከጊዜ ብዛትም ያ ርካሽ እንጨት የሚሰጠው ደረቅ፣ ስለታምና ፈጣን ድምፅ ራሱ የፍላሜንኮ ድምፅ ሆነ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ሠሪው ሶሌራ በሚባል የሥራ ሰሌዳ ላይ የፊት ገበታውን ደፍቶ ያስቀምጣል። በገበታው የውስጥ ፊት ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎችን፣ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ሰባት፣ ይለጥፋል። ቀጥሎ አንገቱን ያጋጥማል። የጎኖቹን ስስ ሳንቃ በውኃ አርጥቦ በጋለ ብረት ላይ ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል፤ ጫፋቸውንም በአንገቱ ሥር በመጋዝ በተሰነጠቀው ቦይ ውስጥ ይሰካል። ጎኑና ገበታው በሚገናኙበት ዙሪያ ሁሉ ጥርስ የሚያካክሉ ትናንሽ እንጨቶችን አንድ በአንድ ይለጥፋል። በመጨረሻ ጀርባው ይገጠማል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጊታሩ ሆድ ተዘጋ ማለት ነው። የሚቀረው ክፍት ቦታ ስፋቱ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የድምፅ ቀዳዳ ብቻ ነው። በዚህ ቀዳዳ አጎንብሶ የሚመለከት ሰው በጀርባው ላይ የተለጠፈውን፣ የሠሪው ስም የተጻፈበትን ወረቀት ያያል። ከፊት ገበታው ሥር ያለውን ግን መስተዋት ካላስገባ በቀር ሊያይ አይችልም።

እንግዲህ ጀርባው ከመገጠሙ በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን ሰዓት እናስብ። ሠሪው ወደ ውስጥ ሲመለከት ከዘንጎቹ ሥር ወጥቶ የደረቀ የሙጫ ጠብታ አለ። የአንዱ ዘንግ ጠርዝ የመሮ ቁስል ይታይበታል። ከትናንሾቹ እንጨቶች አንዱ ጠመም ብሎ ተለጥፏል፤ ነገር ግን አጥብቆ ይዟል። ይህን ሁሉ ማጽዳትና ማለስለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቢተወውስ? ገዢው አያየውም። ተጫዋቹ አይሰማውም። ዋጋውም ያው ነው። በአገራችን «ላዩን እንጂ ውስጡን ለቄስ» ይባላል። ሠሪው ውስጡን ለቄስ ትቶ ጀርባውን ቢከድነው ማንን በደለ?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ከተሰወረው ሥራ መካከል በድምፁ የሚገለጥ አለ። የገበታው ውፍረት፣ የዘንጎቹ ቁመትና አቀማመጥ፣ የመጋጠሚያዎቹ ጥብቀት ለዐይን ባይታዩም ለጆሮ ይታያሉ። ለዚህ ትልቅ ምስክር የሚሆነን የዘመናዊው የስፔን ጊታር አባት ተብሎ የሚጠራው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ ነው። ቶሬስ በ1817 ዓ.ም. በአልሜሪያ አጠገብ ተወልዶ፣ አናጢነት ተምሮ፣ በሴቪያ ከተማ ጊታር ሠሪ ሆነ። በ1862 ዓ.ም. የፊት ገበታውን ከመልካም እንጨት፣ ጎኑንና ጀርባውን ግን ከካርቶን ወረቀት አድርጎ አንድ ጊታር ሠራ። ይህን ያደረገው የጊታር ድምፅ በዋነኛነት የሚመነጨው ከፊት ገበታው መሆኑን ለማስረዳት ነበር። ያ ጊታር ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ቤተ መዘክር ይገኛል። ከውጭ የሚታየውን የከበረ እንጨት በካርቶን ለውጦ፣ የማይታየውን የገበታውን የውስጥ ሥራ ግን በጥንቃቄ መሥራቱ ለሙያው ሰዎች ሁሉ ትምህርት ሆኗል።

ይሁን እንጂ ይህ ምሳሌ ጥያቄያችንን በሙሉ አይመልስም። በድምፅ የሚገለጠውን ሥራ በጥንቃቄ መሥራት ብልኀት ነው፤ ጥቅሙ ለሠሪው ይመለሳልና። ድምፁ ካማረ ስሙ ይገናል፣ ገዢው ይበዛል። ጥያቄው የሚከብደው በድምፅም በመልክም ከማይገለጠው ሥራ ላይ ስንደርስ ነው። የደረቀው የሙጫ ጠብታ፣ የመሮው ቁስል፣ የጠመመችው ትንሽ እንጨት ድምፁን አይለውጡም። እነዚህን ማስተካከል ከሰው ዘንድ ምስጋናም ገንዘብም አያስገኝም።

በዚህ ላይ የተቃዋሚውን ወገን አሳብ በቅን ልቡና ልንሰማ ይገባናል። እንዲህ የሚል ሠሪ ቢኖር ሰነፍ ነው ብለን ልናሰናብተው አንችልም፦ «እኔ የማስተዳድራቸው ልጆች አሉኝ። በፋብሪካ ከሚወጣው ርካሽ ጊታር ጋር እሽቀዳደማለሁ። ግማሽ ቀን ማለት የቤቴ እንጀራ ነው። ማንም የማያየውን ነገር ለማለስለስ የልጆቼን ጊዜ ብወስድ፣ ያ ራሱ ኩራት አይደለምን? ለራሴ ደስታ ስል የቤተ ሰቤን ድርሻ መስጠት አይሆንብኝምን?» ይህ ከባድ ንግግር ነው። ስለ ጥሩ ሥራ የሚሰብክ ሰው ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ ደመወዙ በጊታር ብዛት የማይቆጠር ከሆነ ለዚህ ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

የመጀመሪያው መልሳችን ከሙያው ከራሱ የሚወሰድ ነው። ውስጡን ማንም አያይም የሚለው አነጋገር እውነት አይደለም። የእጅ ሥራ ጊታር ዕድሜው ከሠሪው ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። እንጨት ደግሞ በድርቅ ይሰነጠቃል፣ በእርጥበት ያብጣል፤ ዘንግ ይላቀቃል፣ ብርኩማው ይነቀላል። ስለዚህ ከሠላሳ ወይም ከስድሳ ዓመት በኋላ አንድ ጠጋኝ ጀርባውን ይከፍተዋል። የጥንቶቹ ሠሪዎች ከከብት ቆዳ የሚፈላ ሙጫ ይጠቀሙ ነበር፤ ዛሬም የሚጠቀሙበት አሉ። ይህ ሙጫ አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ሙቀትና እርጥበት ሲነካው እንጨቱን ሳይጎዳ ይለቃል። እንግዲህ በዚህ ሙጫ የሚሠራ ሰው፣ ሥራው አንድ ቀን እንደሚከፈት አስቀድሞ ተቀብሏል ማለት ነው። ለማያውቀው፣ ምናልባትም ገና ላልተወለደ ሰው መግቢያ በር ትቶለታል።

የውጭው ቀለምም እንዲሁ ነው። በጥንቱ ልማድ ጊታሩ የሚጨረሰው በጎማላካ ነው። ጎማላካ በእስያ አገሮች በዛፍ ላይ ከሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ መሰል ነገር ሲሆን በአልኮል ይሟሟል። ሠሪው ጥጥ ወይም ሱፍ በጨርቅ ጠቅልሎ «ሙኜካ» የሚሉትን ትንሽ ድቡልቡል ያበጃል፤ በዚያም በጥቂት ዘይት እያለሰለሰ፣ እጁን እያዞረ፣ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን በሽፋን ላይ ይደርባል። አንዱ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ እንደ ገና ይቀባል። ይህ ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይወስዳል። የተረጨ ቨርኒሽ ከዚህ ይልቅ ይጠነክራል፣ ቶሎም ያልቃል። ጎማላካ በጥፍር ይጫራል፣ በላብ ይደበዝዛል፤ ነገር ግን የተጫረው ቦታ ብቻ ተለይቶ ሊታደስ ይችላል፤ አዲሱ ሽፋን አሮጌውን አሟሙቶ ከእርሱ ጋር አንድ ይሆናልና። በዚህም ሥራ ውስጥ ኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ታስቧል።

ስለዚህ «ማንን በደለ?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው፦ በቦታ የራቀውን ብቻ ሳይሆን በጊዜ የራቀውንም ባልንጀራ። ጠጋኙ ጀርባውን ሲከፍት የሚያገኘው የቀደመውን ሰው ሕሊና ነው። ሙጫው በየቦታው ተዝረክርኮ ከደረቀ አዲስ ሙጫ አይዝለትም፤ በመጀመሪያ የሌላውን ሰው ግዴለሽነት ሲፍቅ ይውላል። ንጹሕ ሆኖ ካገኘው ግን ከማያውቀው ሰው እርዳታ ተቀበለ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ የማይታይ ከምንለው ሥራ ብዙው ገና ያልታየ ሥራ ነው።

ነገር ግን ፈጽሞ የማይከፈት ጊታርም አለ። ይሰበራል፣ ይቃጠላል፣ ይጠፋል። ለእርሱስ? እዚህ ላይ ሁለተኛው መልስ ይመጣል፤ ይህም ስለ ሠሪው ስለ ራሱ ነው። ቶሬስ በ1892 ዓ.ም. በአልሜሪያ ሞተ። በወጣትነቱ ቶሬስን በቅርብ ያውቀው የነበረና በሥራውም ያግዘው የነበረ ሁዋን ማርቲኔዝ ሲርቬንት የተባለ ካህን፣ በ1931 ዓ.ም. ስለ እርሱ የሚያስታውሰውን ጽፎ ትቷል። በጽሑፉ እንደሚተርከው፣ በአንድ ማዕድ ላይ የነበሩ ሰዎች ቶሬስ የጊታሩን ምስጢር ወደ መቃብር ይዞ እንዳይወርድ ለመኑት። ቶሬስም ምስጢሩን ለትውልድ ሊያወርስ እንደማይችል፣ ይህም ስስት ሆኖበት ሳይሆን፣ ዕውቀቱ ያለው በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ጫፍ ላይ በመሆኑ እንደ ሆነ ነገራቸው። ጣቶቹ ገበታውን ሲዳስሱ ለአእምሮው ይናገራሉ፤ መሳሳት ያለበትንና መቆም ያለበትን ያሳውቁታል። ወጣቱም ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ በዐይኑ እንዳየ ቶሬስ ጨምሮ ተናገረ። በእኛ አባባል ቶሬስ ውስጡን በእውነት ለቄስ አሳይቶ ነበር ማለት ነው፤ ያም ካህን ያየው ጥበብ ተደብቆ የተያዘ ነገር እንዳልነበረ መሰከረለት።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት እንዲህ ያለ ነው። የጣት ጫፍ ዕውቀት በአንድ ቀን አይገኝም፤ በቀን መርጦም አይሠራም። ሠሪው ለሚታየው ሥራ አንድ እጅ፣ ለማይታየው ሥራ ሌላ እጅ የለውም። ዛሬ የሙጫውን ጠብታ «ማን ያየዋል» ብሎ ያለፈ እጅ፣ ነገ የገበታውን ውፍረት ሲመዝን «ይበቃል» ማለትን ይለምዳል። ነገ የሚሠራው ስሕተት በድምፅ የሚገለጥ ይሆናል፤ ግን ስሕተቱ የተጀመረው በማይሰማው ላይ ነበር። እንግዲህ ውስጡን ማጽዳት ለጊታሩ ባይጠቅም እንኳ፣ ቀጥሎ ለሚሠራው ጊታርና ለሚሠራው ሰው ይጠቅማል። ሥራ ከሠሪው ወጥቶ የሚሄድ ዕቃ ብቻ አይደለምና፤ በሠሪውም ውስጥ አንድ ነገር ሠርቶ ይሄዳል።

ይህን ካልን በኋላ ልጆቹን አስቦ የተናገረውን ሠሪ እንዳንረሳ። እርሱ ከፊሉን እውነት ይዟል። ጥንቃቄ ልክ አለው፤ ልኩን ሲያልፍ በሽታ ይሆናል። ሥራውን ከእጁ ለመልቀቅ የሚፈራ፣ አንዱን ጠርዝ ለአሥረኛ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት የሚያሽ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለውን ሰው ዓመት በዓመት የሚያስጠብቅ ሠሪ አለ። ይህ ሰው ለሥራው ሳይሆን ለራሱ ስም እየሠራ ሊሆን ይችላል። የፍላሜንኮ ጊታር ራሱ ከዚህ ያስጠነቅቀናል። ይህ ጊታር የተሠራው እንዲመታ ነው። ተጫዋቹ አውታሩን በጥፍሩ ሲጠርግ ገበታውንም በጣቱ ይደበድባል፤ ለዚህም «ጎልፔአዶር» የሚባል ስስ መከላከያ በገበታው ላይ ይለጠፋል። መቃኛው በጥንቱ ልማድ ተራ የእንጨት ችንካር ነው። ጌጡ ጥቂት ነው፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች ነው። ሠሪው የሚደክመው ነገር ለመጨመር ሳይሆን ትርፉን ለመቀነስ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ልክ፣ ማለቂያ የሌለው ማሳመር አይደለም፤ ሥራው የሚጠይቀውን ሰጥቶ፣ በቃ ብሎ መዝጋት ነው። ጠጋኙን የሚያስቸግረውን ሙጫ ማንሣት ግዴታ ነው፤ መስተዋት እስኪመስል ማብለጭለጭ ግን ግዴታ አይደለም። ያ ሠሪ ግማሹን ቀን ሳይሆን ምናልባት አንዲት ሰዓት ብቻ ነው ዕዳው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ገና አልተነገረም። ስለተሰወረ ሥራ ስንናገር ስለተሰወረ ሠራተኛ ዝም ልንል አይገባንም። በ1912 ዓ.ም. ገና ወጣት የነበረው አንድሬስ ሴጎቪያ በማድሪድ ወደ ማኑኤል ራሚሬዝ የጊታር ሥራ ቤት ሄደ። ራሚሬዝ አጨዋወቱን ሰምቶ አንድ መልካም ጊታር ያለ ዋጋ እንደ ሰጠው ሴጎቪያ ራሱ ተርኳል። ያ ጊታር ዓለምን ከእርሱ ጋር ዞረ፤ ዛሬም በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ይገኛል። የፍላሜንኮ ጊታር ባይሆንም፣ ከዚያው ቤት የፍላሜንኮ ጊታርም ይወጣ ነበር። በውስጡ የተለጠፈው ወረቀት የማኑኤል ራሚሬዝን ስም ይናገራል። የሙያው ሰዎች ግን በእጁ የሠራው በዚያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ሳንቶስ ኤርናንዴዝ ሳይሆን እንደማይቀር ይናገራሉ። ሳንቶስ ኋላ በ1921 ዓ.ም. የራሱን ሥራ ቤት ከፍቶ፣ በ1943 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ከታላላቆቹ የፍላሜንኮ ጊታር ሠሪዎች አንዱ ሆኗል።

በባለቤቱ ስም መሰየም በዘመኑ የተለመደ አሠራር ስለ ነበር ማንንም ለመክሰስ አንጽፍም። የሥራ ቤቱ ባለቤት እንጨቱን ይመርጣል፣ አሠራሩን ያስተምራል፣ ኃላፊነቱን ይወስዳል፤ ስሙም ለገዢው ዋስትና ነው። ሆኖም ጥያቄው ይቀራል። «ማንም ባያይህም በደንብ ሥራ» የሚለው ምክር ከአሠሪ አፍ ሲወጣ፣ «ማንም ስለማያይህ ጥቂት እከፍልሃለሁ» ወደ ማለት በቀላሉ ይዞራል። የትሕትና ትምህርት የሰውን ላብ መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 ዓ.ም. ስለ ሰው ሥራ ባስተላለፉት ዐዋዲ መልእክት የሥራ ክብር በመጀመሪያ የሚለካው በሚሠራው ዕቃ ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው በመሆኑ እንደ ሆነ አስተምረዋል። ይህ ትምህርት በትንሽ ሥራ ቤት ውስጥም ይሠራል። ከ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በኋላ በማድሪድ በሌላው የራሚሬዝ ቤተ ሰብ ሥራ ቤት ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች የስማቸውን ፊደል ከጊታሩ ውስጥ በአንገቱ እግር ላይ በማኅተም ያኖሩ ነበር። ምልክቱ ትንሽ ነው፤ ገዢው ላያስተውለው ይችላል። ነገር ግን ይህን የሠራ እጅ አለ ብሎ ይመሰክራል። ከምልክቱ ጋር ተገቢ ደመወዝ ሲጨመርበት ፍትሕ ይሆናል።

በዚሁ አንጻር ገዢው የማያየው ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም እንጨቱ የመጣበት ዱር ነው። የብራዚሉ ሮዝዉድ ለውበቱና ለድምፁ ሲባል ያለ ልክ ተቆርጦ ስለ ተመናመነ፣ በ1992 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ በጥብቅ ተከለከለ። ብዙ ሠሪዎች በሌላ እንጨት መሥራትን እንደ ገና መማር ግድ ሆነባቸው። በአገሩ በሚበቅል በሳይፕረስ ይሠራ የነበረው የድኻው ጊታር ግን በዚያ ዱር ላይ ዕዳ አልነበረበትም። ይህን የምንጠቅሰው ድኽነትን ለማወደስ አይደለም፤ ሥራ አማረ የሚባለው የተደበቀው ዋጋው ጭምር ሲመረመር መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፤ ከተነሣንበት ጥያቄ የደረስንበትን እናጠቃልል። የማይታየው ሥራ ዕዳው ለሦስት ወገን ነው፦ ኋላ ለሚከፍተው ጠጋኝ፣ ለሠሪው ለራሱ እጅ፣ እንዲሁም አምኖ ለሚገዛው ሰው። ገዢው ውስጡን ሊያይ ስለማይችል የሚከፍለው በእምነት ነው፤ ሊመረምር የማይችለውን ሰው ማታለል ደግሞ ዐይን ያለውን ከማታለል ይብሳል። በአንጻሩም ለሠራተኛው ዕዳ አለ። የማይታይ ሥራ በትጋት እንዲሠራ የሚፈልግ ኅብረተ ሰብ፣ የማይታየውን ሠራተኛ ፈልጎ ማየትና መክፈል ይገባዋል። ሁለቱ ዕዳዎች አብረው ካልተከፈሉ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል።

ከእኛ መካከል ጊታር የሚሠራ ጥቂት ነው። ሆኖም ሁላችንም ጀርባው የሚዘጋበት ሥራ አለን። ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ሰው በዋዜማው ምሽት ያነበበውን፣ ልጆቹ ሊጠይቁት ይችላሉ ብሎ ያሰበውንና ሳይጠየቅ የቀረውን ማንም አያይለትም። ሌሊት ተነሥታ በሽተኛ የምታገላብጥ ልጅ፣ የማኅበሩን ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ የሚያስተካክል ገንዘብ ያዥ፣ ሕፃናት ከመምጣታቸው በፊት የመማሪያ ክፍሉን የሚጠርግ ዘበኛ እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ የምንለው፣ ሥራችሁ አንድ ቀን እንዲከፈት አድርጋችሁ ሥሩት ነው። እኛ የምናሠራቸውና የምናገለግልባቸው ደግሞ፣ ከሚቀጥለው እሑድ በፊት ከእነርሱ የአንዱን ስም ጠይቀን እንወቅ፤ የሚገባውም ሳይከፈል ቀርቶ እንደ ሆነ እንመርምር።

በግራናዳው የሥራ ቤት ግን ሰዓቱ ደርሷል። ሠሪው መሮውን አንሥቶ የደረቁትን የሙጫ ጠብታዎች አንሥቷል፤ የቆሰለውን ጠርዝ አለስልሷል፤ የጠመመችውን ትንሽ እንጨት ግን አጥብቃ ስለያዘች እንዳለች ትቷታል። ሰጋቱራውን በብሩሽ ጠርጎ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ከዚያ ሙጫውን ቀባ፤ ጀርባውን ገጠመ፤ በገመድና በሞርሳ አጥብቆ አስሮ እንዲደርቅ ተወው።